3,000 ብር ለድሪቶ?

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነው። አንድ ሰውዬ ሱሪ ሊያሳጥር ስፌት ቤታችን ገባ። ተራውን ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን አየ። ጦሳ ነው። የደሴው ጦሳ ተራራ፣ በጠዋት፣ ጉም እንደለበሰ። ከእራፊ ጨርቅ በአባቴ ሲንጀር የስፌት መኪና የሰፋሁት። ዋጋውን ጠየቀኝ፣ 3,000 ብር አልኩት። ሳቀ። ለድሪቶ 3,000 ብር? ብሎ ሱሪውን ሳያሳጥር ወጣ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የወሎ ልጆች የምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ጻፍኩት። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ሥዕል ጥበብ ነው ወይስ ድሪቶ? ሁለተኛ፣ ጉሙን የሰፋሁበት ቦታ ለምን ተኮማተረብኝ? ፎቶም አያያዝኩ። ጠዋት ስነሳ 9 ምላሽ ነበር። በሳምንቱ 43 ደረሰ። የውይይቱ ክር ስለረዘመባችሁ መሃል ላይ እንደተዋችሁት ብዙዎቻችሁ ነግራችሁኛል። እውነት ነው፣ በኛም ሙያ ክር ሲረዝም ይወሳሰባል። ስለዚህ እኔው በየምላሹ ቁጥር ተራ ልተርክላችሁ።

1 ማሻአላህ ብቻ ነው፣ ከሦስት አበባ ጋር። 2 አዲስ አበባ የምትኖር እህት ናት። ጦሳን እንዳየች እንባዋ እንደመጣ ጻፈችና ከየት ሆኜ እንዳየሁት ጠየቀች። በ3 ከሆጤ ሰፈር በኩል፣ ከግቢያችን በር ላይ እንደሆነ መለስኩላት።

4 ላይ ቁም ነገር መጣ። የጻፉት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት፣ እኔም አንቱ እያልኩ መለስኩላቸው። ፎቶውን አጉልተው አይተውታል። ጉሙ ከነጠላ ቅዳጅ መሆኑን ሳልነግራቸው አወቁ። ስስ ነጠላ በሌላ ጨርቅ ላይ ሲሰፋ ከስር ደጋፊ ይፈልጋል አሉ። ያለ ደጋፊ መርፌው በወረደ ቁጥር ጨርቁን ይዞት ይወርዳል፣ ክሩም ይሰበስበዋል። ከስር አቡጀዴ አጥቤና ተኩሼ እንዳስገባ፣ አቡጀዴ ካጣሁ ነጭ ወረቀት አድርጌ ከሰፋሁ በኋላ እንድቀድደው መከሩኝ። ጋዜጣ እንዳይሆን፣ ቀለሙ ነጠላውን ያቆሽሸዋል። ሌላው ጥፋቴ የላይኛው ክር መጥበቁ ነው። የታችኛው ክር ነጥብ ነጥብ እየሆነ ላይ ላይ መታየቱን ከፎቶው አንብበውታል። የክር ማጥበቂያዋን ብሎን ሩብ ዙር አላልተሽ በቁራጭ ላይ ሞክሪ አሉኝ። በፎቶ ብቻ! አባባ (አባቴን ነው፣ እሱ ስልክ አይነካም፣ እኔ ነኝ የማነብለት) ይህን ሲሰማ ሰውየው ልብስ ሰፊ ሳይሆን ሐኪም ነው አለ።

5 አልተስማማም። ወጣት ነው መሰለኝ፣ ቸኩሎ ነው የሚጽፈው። ችግሩ የክር ሳይሆን የድርና ማግ ነው ባይ ነው። ጨርቅ በድሩ ሲሳብ አይለጠጥም፣ በሰያፍ ሲቆረጥ ግን እንደ ላስቲክ ይሳባል። እኔ ቅዳጁን እንደመጣልኝ አድርጌ ስለቆረጥኩት ግማሹ በድር፣ ግማሹ በሰያፍ ሆኗል። እየሳብኩ ሰፋሁት፣ ስለቀው ተመልሶ ተኮማተረ። 4ኛውን ጋሼን በትሕትና ነበር ያረማቸው። እሳቸውም በ6 ሁለቱም ልክ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ሞከርኩት። በአንድ ቁራጭ ላይ ክሩን ብቻ አላላሁ፣ በሌላው ደግሞ አቅጣጫውን ብቻ አስተካከልኩ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ረዱ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርግ ቁራጩ ተንጣለለ።

ከዚያ ወሬው ከእጄ ወጣ። 7 ሲንጀርን ያወደሰ ነው። የስፌት መኪናን የፈጠረው ሲንጀር የሚባል ሰው እንደሆነና አያቱ ቤት ያለችው እስካሁን እንደምትሠራ ጻፈ። 8 አረመው። አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፣ ከእሱ 5 ዓመት ቀድሞ ግን ኤልያስ ሃው ነበር። ቀዳዳዋ ጫፏ አጠገብ የሆነ መርፌና ሁለት ክር የሚያቆላልፍ ስፌት በ1846 በሃው ስም ተመዝግቧል። ተካሰሱ፣ ሃው አሸነፈ፣ ሲንጀር ከፈለ። 9 ደግሞ ሁለቱንም ቀደመ። ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በ1830 መኪና ሠርቶ የወታደር ልብስ ይሰፋበት ነበር። በዓመቱ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ብለው ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። ይህን ለአባባ ሳነብለት ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሰባሪዎቹ ልጆች ነበሯቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

10 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም። ድሪቶ ድሪቶ ነው ይላል። ልብስ ሰፊ ልብስ ይስፋ፣ ሠዓሊ ይሣል፣ የፈረንጅ ነገር አይታችሁ ቆሻሻ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ ነው ነገሩ። ለእኔ ሳይሆን ለቁርጥራጩ የተቆጣ ነበር የሚመስለው።

11 መዝገበ ቃላት ያየ ሰው ነው፣ በጣም የተረጋጋ። ድሪቶ ማለት በእራፊ ላይ እራፊ እየተደረበ የተጣፈ ልብስ እንደሆነ አስረዳ። ለድሃው የችግር ነው። ዓለምን ንቆ ለወጣ መናኝ ደግሞ የክብር ልብስ ነው። ስለዚህ ስድብ የሚሆነው በተናጋሪው አፍ ላይ እንጂ በጨርቁ ላይ አይደለም አለ። 12ን ግን ከሁሉም ወደድኳት። እንደ ገባኝ ሸማኔ ቤት ያደገች ልጅ ናት። የነጠላ ጫፍ ላይ በቀለም የሚገባውን እኛ ምንድነው የምንለው ብላ ጠየቀች። ጥበብ ነው የምንለው። በሰው አንገት ላይ ጥበብ የተባለው ክር፣ ተቀድዶ ጦሳ ላይ ሲያርፍ ስሙን ማን ቀማው? እሷ ጥያቄ አድርጋ ነው የተወችው። 10ኛው አልመለሰም።

13 የደላንታ ሰው ነው፣ ስለ አያቱ ጻፈ። በዚያ ብርድ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሌለው ሰው ምን ለብሶ ያድራል? አያቱ አሮጌ ሸሚዝ፣ የተቀደደ ካኪ ሱሪ፣ የጋቢ ቅዳጅ ሰብስበው በእጅ መርፌ ይደርቡት ነበር። አንድ ነገር ግን ይዞታል። ቀይ እራፊ ባገኙ ቁጥር መሃል ላይ ነበር የሚያስገቡት። ጥግ ላይ አያደርጉትም። ለምን ሲላቸው ዓይን እዚያ ያርፋል ይሉት ነበር። ሥዕል ቤት ያልገቡ ሴት! እኔ ደግሞ ፎቶዬን አውጥቼ አየሁ። ቀይ የለበትም። ያለችኝ አንዲት የእናቴ ከፋይ ቀሚስ ቁራጭ ናት፣ ጥቁር ቀይ፣ እሷንም የሰፋሁባት የታች ጥግ ላይ ነው። እንደ ቤት ጣሪያ። አሁን ሳየው ያለቦታዋ ናት።

14 ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቤታችን ስንት ሥራ እንዳለው ቆጠረች። የጀበና ማቶት አለ። የምጣድ ማሰሻ አለ። በየጠርዙ ጨርቅ የተጠቀለለበት ሰፌድ አለ። የትራስ ሆድ አለ። መጨረሻ ላይ የካልሲ ኳስን ጨመረች፣ እዚህ ላይ ተበላሸ። ከ15 እስከ 18 ያለው ሁሉ ኳስ ነው። ካልሲው የማን እንደነበር፣ ውስጡ ስንት ጨርቅ እንደሚጠቀጠቅ፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ከብዶ እግር እንደሚሰብር፣ ሰፈር ለሰፈር ማን ማንን እንዳሸነፈ። አንዱ የአባቱን አዲስ ካልሲ ለኳስ ሰውቶ የበላውን ዱላ በዝርዝር ተረከ። ሳቅኩ እንጂ አልተቆጣሁም። 19ኛዋ እህት ግን ተቆጥታ ልጅቱ ስለ ስፌት ነው የጠየቀችው ብላ መለሰቻቸው።

20 ስለ አሜሪካ አመጣ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ። ሴቶቹ ያለቀ የሥራ ልብስ እየቀዳደዱ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ትልቅ የንግድ ድርጅት የትራስ ልብስ አሰፋቸው፣ የተረፈውን ቁርጥራጭ ቤታቸው ወስደው በብርድ ልብሱ ላይ አዋሉት። በ2002 ያው ብርድ ልብስ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የፖስታ ቴምብር ሆነ።

21 ነደደው። ፈረንጅ ሙዚየም ካልሰቀለልን ሥራችን ሥራ አይደለም ወይ ነው ጥያቄው። ኤልያስ ስሜ የሚባለውን የጥበብ ሰው ጠቀሰ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ክርና ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ ስሙ ዓለም የደረሰ ሰው። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው፣ የተከፈተውም በ2011 ዓ.ም። ከደሴ አላባማ ሳይሻገሩ መካኒሳ ይቀርባል አለ። 20ኛው ደግሞ በ22 የኤልያስንም ሥራ የሚገዙት እነማን እንደሆኑ ጠይቆ መለሰለት። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። እኔ ግን ከጂስ ቤንድ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። የፋብሪካ ቁርጥራጭ።

ምክንያቱም 23 የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስትቆርጥ ነበር። ቁርጥራጩ በማዳበሪያ ይወጣ ነበር አለች። ግን ተጠንቀቂ፣ አብዛኛው የሚለጠጥ ሹራብ ነክ ጨርቅ ነው፣ በተራ መርፌ ሲሰፋ ስፌት ይዘልላል፣ ጫፏ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ያስፈልጋል። ስስ ጥጥ በ80፣ ጂንስ በ100 ቁጥር መርፌ እንድሰፋም ነገረችኝ። እኔ ሁሉንም በአንድ መርፌ ስደበድበው ነበር። አሜሪካ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ከሚሸጥበት የንግድ ዕድል፣ ካስወጣች ወዲህ ሥራው ቀዘቀዘ፣ እሷም ወጣች። አሁን ቤቷ ሆና ትሰፋለች። አብሽሪ እህቴ ብላ ጨረሰች፣ እኔን ማጽናናት ያለባት እሷ ሆና።

24 ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ጥሩ ልብስ ሰፊ አለው የሚል ክርክር ከፈተ። በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነን ሁሌም ይህችው ናት ጨዋታችን። አልተርክም። ኮምቦልቻዎች ተሸንፈዋል።

25 አጭር ናት። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ቤቷን ጥላ ወጥታ ስትመለስ የስፌት መኪናዋ እንደሌለች ጻፈች። እግሩ ብቻ ቀርቷል፣ ፔዳሉና ጎማው። ጠረጴዛውን ቡና ማፍያ አድርጋዋለች። ጥልፍ ትጠልፍበት ነበር፣ በክብ የእንጨት መወጠሪያ ወጥራ፣ ጨርቁን የሚስበውን ጥርስ በካርቶን ሸፍና፣ በእጇ እያዞረች አበባ ታወጣ ነበር። ይህችን ዘዴ የጻፈችው ለእኔ እንዲጠቅመኝ ነው። ከዚህ በኋላ ለግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም። በ26 የወልድያ ሰው ነኝ የሚል መጣ። እግር የሌላት የመኪና ጭንቅላት ቤቱ እንዳለች ገልጾ በውስጥ መስመር እንድታናግረው ጠየቃት። ተገናኝተው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ መጠየቅም አፈርኩ።

27 ቀለም የሚለቅ ጨርቅ በጨው ዘፍዝፊ አለ። 28 ይህ ተረት ነው አለችው። ፋብሪካ ያቀለመውን ጨው አይዘውም። ቁራጩን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ ላይ መተኮስ፣ ከለቀቀ ለብቻው ደጋግሞ ማጠብ፣ እምቢ ካለ መተው ነው። 29 ሲንጀሩን የምግብ ዘይት የቀባ ሰው ነው። በወሩ ዘይቱ እንደ ሙጫ ሆኖ መኪናዋ ደረቀች። ያሾፉበት ብዙ ናቸው። እኔ አላሾፍኩም፣ 15 ዓመት ሲሆነኝ አባባ የሌለ ቀን ያንኑ አድርጌያለሁ። በነጭ ጋዝ አጥቦ ለማላቀቅ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ሲያጥብ አንዲት ቃል አልተናገረኝም፣ እሱ ነው የከፋው።

30 ጨርቅ የማይለይ ሰው በክብሪት እንዲለይ አስተማረ። ከጫፉ ክር መዝዘሽ ለኩሺ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ይበናል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይከረፋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ለካስ የኔ ሰማይ፣ ጥጥ ነው ብዬ የሰፋሁት የተማሪ ዩኒፎርም፣ እንክብል ሆነ። ካውያ ሲነካው ያብረቀረቀው ለዚህ ነው።

31 ላይ ሰውዬው መጣ። ራሱ። ሱሪውን ሳያሳጥር የወጣው እሱ መሆኑን ተናግሮ ነው የጀመረው። በ3,000 ብር ደህና ብርድ ልብስ እንደሚገዛ፣ ያውም እንደሚያሞቅ ጻፈ። ከ32 እስከ 35 ተረባረቡበት። አንዱ ብርድ ልብስህን ግድግዳ ላይ ስቀለው አለው። ሌላው ሱሪውን አነሳ፣ ሱሪውም እንደ አእምሮው አጭር መሆን አለበት ያለ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ የተረተም አልጠፋ፣ አንበሳው ማን እንደሆነ ባይገባኝም። እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

በ36 መለሰ። ስድቡን አልመለሰም። ከአምባሰል ገጠር እንደሆነ ጻፈ። ስድስት ሆነው ያደጉት በአንድ ድሪቶ ስር ነው፣ እናቱ የሰፉት። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ድርብ ይጨምሩበት ነበር፣ መጨረሻ ላይ ልጅ ብቻውን አያነሳውም። ስፌት ቤቱ ውስጥ የሳቀው ጦሳን ንቆ አልነበረም። ድሪቶ 3,000 ብር የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ እናቱ ሀብታም ሆነው ይሞቱ ነበር ብሎ ነው የሳቀው። ይህን ጽፎ ወጣ። 32ኛው ምላሹን አጠፋ። ሌሎቹ አላጠፉም። አንዱ እንዲያውም ታዲያ ለምን አትገዛትም ብሎ ቀጠለበት።

ለአባባ 36ን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ያ ሰው ሱሪው በስንት ሳንቲ ይጠርልኝ ብሎ ነበር አለኝ። አራት አልኩት።

37 ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው። 4ኛው ጋሼ ናቸው። ጀርባውን አሳዪኝ አሉ። የስፌት እውነቱ ጀርባው ላይ ነው። ጀርባውን ማሳየት ቀላል መስሏችሁ? ክር ተንጨባሮ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ቦቢን ያለቀበት ቦታ ሁሉ ጢም አብቅሎ ነው ያለው። ገልብጬ አነሳሁትና 38 ላይ ለጠፍኩት። በ39 አንድ በአንድ ነገሩኝ። እዚህ ጋ ከስር ቀለበት ቀለበት የሠራው የላይኛው ክር ስለላላ ነው፣ እዚያ ጋ የጠበቀው ደግሞ ጠብቆ ነው፣ በአንድ ሥራ ላይ ሁለቱንም ጥፋት ማጥፋት ችሎታ ነው አሉ። ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር ብሰፋ ኖሮ ጠርዙ እንደማይወዛወዝም ነገሩኝ። በመጨረሻ ግን አንድ ቦታ አከበቡ። የጦሳ ትከሻ፣ ጂንሱ ወደ ግራጫው የሚዞርበት። ይህ እጅ ነው ብለው ተዉት። አላብራሩም። አባባ ጣቱን እዚያው ቦታ ላይ አደረገ። እሱም አላብራራም።

40 የሽንኩርት በጅምላ ማስታወቂያ ነው። 41 ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። 42 ውድ ነው አለ። 43 ሽንኩርት ሻጩ ራሱ ነው፣ ጦሳ የሚሸጥ ከሆነ በሽንኩርት እንለዋወጥ ይላል።

ትናንት ማታ በውስጥ መስመር መልእክት ገባልኝ። የሱሪው ሰውዬ ነው። 2,500 ይሁን ይላል። አባባ 2,800 በይውና ሱሪውን በነፃ እናሳጥርለት አለ። እኔ እስካሁን አልመለስኩለትም። መጀመሪያ ጉሙን ፈትቼ እንደ ገና ልስፋ፣ የእናቴን ከፋይ ቁራጭም ከጥግ አንስቼ መሃል ላስገባት። ከዚያ ዋጋውን እናወራለን።